ከመሶብ የማይለይ አመጋገብ፦ በራያ ቆላ ክብደትን ለዘለቄታው ስለ መቀነስ

ክብደት ለመቀነስ የሚመከሩ የአመጋገብ ስልቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ስብን የሚከለክል አለ፤ እህልን የሚያወግዝ አለ፤ ሰዓት ቆጥሮ መብላትን የሚያዝዝ አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉም ለሚከተላቸው ሰው የሆነ ውጤት ያሳያሉ። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የወረደው ክብደት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የት ይደርሳል? በሮቢትና በአካባቢዋ ለሚኖር ሰው የሚዘልቀው አመጋገብ ከቤቱ መሶብ የሚነሣው ብቻ ነው፤ ከመሶቡ ነጥሎ ለብቻው የሚያስቀምጠው ምክር ግን፣ በሳይንሱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ዕድሜው አጭር ነው።

ሮቢት በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው፤ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በከርሰ ምድር ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረትበታል። በዚህ ስፍራ ስለ ውፍረት መናገር ለብዙዎች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በ1977 ዓ.ም. ረሃቧን ዓለም የተመለከታት ኮረም ከዚህ ሜዳ በስተሰሜን ባለው ዳገት አናት ላይ ናት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢዋን ሲያዳርስ ጎተራው ባዶ የቀረበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ሆኖም ሁለቱ ችግሮች አንዱ ሌላውን ጠብቆ በተራ የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ይህ ሁለተኛው ቁጥር 3 በመቶ ብቻ ነበር። አኃዙ የመላ አገሪቱ እንጂ የራያ ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ልጁ የቀጨጨበት፣ እናቱ ደግሞ ስለ ደም ግፊቷ ክብደት እንድትቀንስ የተነገራት ቤት መኖሩ የማይቀር ነው። እንዲህ ላለው ቤት ሁለት ገበታ ማዘጋጀት አይቻልም።

ስለ ዘላቂነት የተከማቸው ማስረጃም ወደዚሁ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ 160 ሰዎችን በአራት ታዋቂ የአመጋገብ ስልቶች ከፍሎ ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ የክብደቱ መቀነስ የተያያዘው ከስልቱ ዓይነት ጋር ሳይሆን ሰዎቹ የተመደቡበትን ስልት ጠብቀው ከመቆየታቸው ጋር መሆኑን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ስብ በመቀነስና እህል ነክ ምግቦችን በመቀነስ አነጻጽረው ነበር፤ ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 6.0 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚቆጠር አልነበረም። ሰውነት ራሱም ዝም ብሎ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ክብደት የቀነሱ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ከፍ እንዳለ፣ ጥጋብን የሚያበሥረው ሌፕቲን ዝቅ እንዳለ መቆየቱን አሳይቷል። እንግዲህ ለሦስት ወር በቆራጥነት የተያዘ ምግብ ለዓመታት ከሚሟገት ሰውነት ጋር መጋጠሙ ነው። በዚህ ግጥሚያ የሚያሸንፈው ልማድ የሆነው ብቻ ነው።

ከውጭ የሚቀዱት ስልቶች አብዛኞቹ ሳይናገሩት የሚያስቀድሙት አንድ ግምት አለ፤ ሰው ሁሉ የራሱ ሳሕን እንዳለው ይቆጥራሉ። ካሎሪ መቁጠር፣ ሳሕንን በአራት መክፈል፣ የምግብ መዝገብ መያዝ፣ ሁሉም በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። በራያ ቤት ግን ገበታው የጋራ ነው። የቤተሰቡ እጅ በአንድ ትሪ ላይ ይገናኛል፤ ማን ምን ያህል እንደ በላ የሚያውቅ የለም፤ ሰው አቆማለሁ ሲል ጉርሻ ይከተለዋል። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ የቀረበን ምግብ መግፋት ምግብን ብቻ ሳይሆን ሰውን እንደ መግፋት ይቆጠራል። የስኳር ሕመም ያለበት አንድ የቤት አባወራ «እንጀራ ተው፣ አጃና አቮካዶ ብላ» ቢባል፣ ምክሩ ገንዘብ ይጠይቀዋል፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ከገበታው መነሣትን ይጠይቀዋል። ሚስቱም ለእሱ ብቻ ሁለተኛ ድስት መጣድ ይኖርባታል። ማገዶውን፣ ጊዜውንና ድካሙን ሒሳብ ውስጥ ያስገባ የአመጋገብ መምሪያ እምብዛም አይታይም።

ስለዚህ ምክሩ መድረስ ያለበት ለሚበላው ብቻ ሳይሆን፣ በዋናነት ለምታበስለው ነው። ዘይትን ለአብነት ማንሣት ይበቃል። በብዙ ቤት ዘይቱ ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ይንቆረቆራል እንጂ አይለካም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ስድስት ሰው የሚመገብበት ቤት በቀን ከሚሠራው ወጥ ስድስት ማንኪያ ዘይት ቢቀነስ፣ ማንም ከገበታው ሳይነሣ፣ ማንም ጉርሻ ሳይመልስ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በአማካይ 120 ኪሎ ካሎሪ ይወርዳል። ይህን በ365 አባዝቶ የሚጠፋውን ኪሎ መተንበይ ግን በተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር የሚታይ ስሕተት ነው፤ ሰውነት ሲቀል የሚያወጣው ኃይልም ይቀንሳልና ውጤቱ ከሒሳቡ ያንሳል። በቤቱ የቀጨጨ ልጅ ካለ ደግሞ የእሱ ድርሻ ከወጡ ሲቀነስ በሌላ መንገድ፣ በእንቁላል ወይም በወተት ወይም ለእሱ በተለየ ገንፎ፣ ሊካስ ይገባል። ይህን የማይጨምር ምክር አንዱን አድኖ ሌላውን ይጎዳል።

ስለ ማሽላ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይሰማሉ። አንደኛው ማሽላን የድሃ እህል አድርጎ የሚያየው የቆየ ንቀት ነው፤ እጅ ሲረዝም ቤቱ ወደ ጤፍ፣ ከዚያም ወደ ነጭ የስንዴ ዳቦ ይሻገራል። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ማሽላ ስኳርን የሚያወርድ፣ ሰውን የሚያከሳ መድኃኒት ነው ይላል። ማሽላ ስለ ማሽላነቱ አያከሳም። መቶ ግራም የማሽላ እህል ወደ 330፣ መቶ ግራም ጤፍ ወደ 365 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ የሚራራቁ አይደሉም። የማሽላው ካፊሪን የተባለው ፕሮቲን ከስታርቹ ጋር ተጣብቆ መፈጨቱን ማዘግየቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እህሉ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በምጣድ ላይ ሲጋገር ከዚህ ጠባይ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ በእህሉ ዓይነትና በአዘገጃጀቱ ይወሰናል። የማሽላ እንጀራ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ ቤቱ ያውቀዋል፣ እርሻው ያበቅለዋል፣ ነገም ይገኛል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው በእንጀራውና በወጡ መካከል ያለውን ሚዛን መለወጥ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ቲማቲሙ ሲበዛ እንጀራው ሳይከለከል ይቀንሳል፤ በጥራጥሬው ያለው ፕሮቲንና አሠርም ጥጋቡን ያቆየዋል። ሜዳው የሚያመርተው ቲማቲም በመኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ያመረተው ቤት ወጥ ውስጥ ለቀለም ያህል ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ የሚያስቆጨው ይህ ነው።

የስኳሩ ነገር በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ ቡና አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 24 ግራም ያህል ይወስዳል፤ ቡናው በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ ወደ 190 ኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲታከልበት ከ300 ያልፋል። ይህ ሁሉ ምግብ ተብሎ አይቆጠርም፤ ሐኪም ፊት «ምን ትበላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቡናውን አያነሣውም። ቡናው ይቆይ፤ ጉርብትናው ያለው በቡናው እንጂ በስኳሩ አይደለም።

የጾሙ ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን፣ ብዙዎችም ሰኞና ሐሙስን ይጾማሉ። በዓለም ላይ በውድ የሚሸጠው «ሰዓት ጠብቆ መብላት» ለራያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ጾሙ ራሱ የክብደት መድኃኒት ነው ማለት ግን በሁለት ወገን ያስታል። ጾም ለአምላክ የሚቀርብ እንጂ ለወገብ ልክ የሚደረግ አይደለም፤ ምእመኑ በዚህ ቢቆጣ እውነት አለው። ሁለተኛም፣ የጾም ምግብ በዘይት ከተጠበሰና ቀኑን ሙሉ የተዘለለው በማታው ገበታ ከተካካሰ የሚቀንስ ነገር የለም፤ በፋሲካ ማግስት የሚከተለውም የታወቀ ነው። ተመራማሪው ከጾሙ ሊማር የሚገባው ከክልከላው ይልቅ አደረጃጀቱን ነው። ሰው 55 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚርቀው ፈቃዱ ብረት ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ ሁሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሥጋ ቤቱ ሳይቀር አብሮት ስለሚጾም ነው። የትኛውም የክብደት መቀነሻ ስልት ይህን የሚያህል ድጋፍ አግኝቶ አያውቅም። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይም ኢንሱሊን፣ የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ የሚዘልበትን ሰዓት ማራዘም የለበትም።

ሌላው እንቅፋት ከምግቡ ውጭ ነው። በዚህ አገር መክሳት ዜና ነው። የከሳን ሰው ያየ «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳንባ ነቀርሳንና ኤች አይ ቪን፣ ከዚያም በፊት ረሃብን ያስባል። የወፈረ ሰው ደግሞ «ተመቸው» ይባላል። ስድስት ኪሎ የቀነሰች ነጋዴ ገበያ ላይ የሚጠብቃት አድናቆት ሳይሆን ማስተዛዘኛ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ስትገባም ዘመዶቿ ቅቤ ይጨምሩላታል። ይህ በፍቅር የሚደረግ በመሆኑ ከማንኛውም ፈተና ይልቅ ለመቋቋም ያስቸግራል። ለዚህም ነው መጠነኛ ግብ የሚሻለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው፣ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ የስኳር ሕመም መከላከያ ጥናት፣ የክብደትን 7 በመቶ መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ግብ ያደረገው ቡድን በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከስድስት ኪሎ ያነሰ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲወርድ ጎረቤት ሳያስደነግጥ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 አገራዊው የምግብ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል፤ ጠቃሚ መነሻ ነው። ነገር ግን መመሪያ ለአገር ይጻፋል፣ መሶብ የሚቀርበው በቤት ነው። በመካከሉ ያለውን ክፍተት መሙላት በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ነው፤ እስካሁን የሚበዛው የድኅረ ምረቃ ሥራ ግን የውፍረትን ስርጭት በአንድ ጊዜ ልኬት ቆጥሮ በማቅረብ ያበቃል። ለሮቢት የሚያስፈልገው የጥናት አሐዱ ግለሰብ ሳይሆን ቤት የሆነበት፣ ከክብደት ጋር የወገብ ዙሪያን የሚለካ፣ በቤቱ ያለውን ልጅ እድገት አብሮ የሚመዘግብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቆይ ክትትል ነው። የመለኪያው ወር ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። አዝመራው በገባበት በታኅሣሥ የተመዘነ ሰው ጎተራው በሳሳበት በነሐሴ ከሚኖረው ክብደት ጋር አይነጻጸርም፤ ሁዳዴ ሊያበቃ ሲል የተመዘነም ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ ከተመዘነው ጋር እንዲሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሚዛን በአንድ ወር፣ ከጾም ውጭ ባሉ ሳምንታት ካልዋሉ፣ በጥናቱ የተገኘው ለውጥ የምክሩ ይሁን የወቅቱ መለየት አይቻልም።