ሰባት ቤት ሲቆጠር

በእኛ ከተማ በአዲስ ቅዳም ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ከጥሎሹ በፊት ዘር ይቆጠራል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እየተጠራ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። አንድ ስም ከገጠመ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ ያጫወተችኝ ጉዳይ ይህን ቆጠራ ደጋግሞ አሳሰበኝ። ዕድሜዋ 36 ነው። በትዳር ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳትወልድ ኖራ ጠበል ተጠምቃለች፣ ስለት ተስላለች፣ የአማቷን ዝምታ ችላለች። ከባሏ ጋር የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሸጠው አዲስ አበባ ሲሄዱ ሐኪሙ ማሕፀኗ ጤነኛ እንደሆነ፣ እንቁላሏ ግን ያለ ዕድሜው እንዳለቀ ነገራት። በሌላ ሴት እንቁላል የሚወልዱ እንዳሉም አልደበቃትም። እሷ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ "ታዲያ እናቱ ማን ትባላለች?"

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እናት የወለደችው ናት ይላል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ደግሟል። የመጀመሪያው ሲጻፍ ከማሕፀን ውጭ የተጸነሰ ልጅ በዓለም ላይ አልተወለደም ነበር፤ የዚህ ዓይነቷ የመጀመሪያ ልጅ ሉዊዝ ብራውን የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እኔም ከሕጉ ጋር ነኝ። እንቁላል የምትለግሰው ሴት አሥር ቀን ገደማ መርፌ ትወጋለች፣ እንቁላሎቿ በአልትራሳውንድ እየታዩ በቀጭን መርፌ ይወሰዳሉ፣ በላቦራቶሪ ከባል ዘር ጋር ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ወር፣ ደሙም ምጡም፣ የተሸካሚዋ ነው።

ሴት የዕድሜ ልክ እንቁላሏን ይዛ ትወለዳለች፤ ያለቀው አይተካም። ስለዚህ "ጸሎቷ አልሰመረም" እያሉ የሚያሳቅቋትን እባካችሁ ተዉ እላለሁ። ባልም ይመርመር፤ ችግሩ ከወንድ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የማሕፀን ቱቦዋ ለተዘጋባት ደግሞ የሰው እንቁላል አያስፈልጋትም፤ በራሷ እንቁላል ይሞከርላታል። አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህን መሰሉን ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል ለመስጠት ነው።

የሚያስፈራኝ የልገሳው ምስጢር መሆን ነው። የአንዲት ለጋሽ እንቁላል ለሁለት ለሦስት ቤት ሊደርስ ይችላል። ልጆቹ ሳይነገራቸው አድገው ቢዋደዱስ? ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ምንም አያገኙም፤ የሚቆጥሩት የተነገራቸውን ስም ብቻ ነዋ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ በተለገሰ ዘር የተወለደ ልጅ ለጋሹን የማወቅ መብት አገኘ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የለገሰ ሰው ማንነት ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሊነገረው ይችላል። እኛ ዘር ቆጣሪዎቹ ከእነሱ ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባል፤ መዝገብ ይኑር፣ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በፍቅር ይነገረው። ችግር ያስገደዳት ልጃገረድ ለገንዘብ ስትል ደጋግማ እንዳትሰጥም አጥብቄ እለምናለሁ፤ መርፌው እንቁላል ማመንጫን ከልክ በላይ አሳብጦ ሆድ ውስጥ ውሃ እስከ ማቋጠር ሊያደርስ ይችላል።

የጎረቤቴ ታናሽ እህት ሁለት ልጆች አሏት። ነገሩን ስትሰማ፣ "እትዬ፣ የሚፈቀድ ከሆነ ከእኔ ይውሰዱ። ቢቆጠርም ያው የእናታችን ቤት ነው" አለቻት። ጎረቤቴ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። የእህቷን ሐሳብ ለባሏ ገና አልነገረችውም፤ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ብቻቸውን የሚሆኑበትን ሰዓት እየጠበቀች ነው።