«ተፋ» ወይስ «ጠፋ»?

ሰሞኑን ከመካከላችን አንዷ ከእህቷ አጭር መልእክት ደረሳት። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ እሷም «ልጁ ጠፋ» ብላ አነበበችው። ታክሲ ውስጥ ናት፤ ብትደውል ስልክ አይነሳም። ልቧ ሊወጣ ደርሶ ቤት ስትገባ ሕፃኑ ተኝቷል። ለካ እህት የጻፈችው «ልጁ ተፋ» ነው፤ የሳል ሽሮፑን! በላቲን ሁለቱም ያው አራት ሆሄያት ናቸው።

ሳቅን። ግን እኮ ይህን ችግር አባቶቻችን ድሮ ፈትተውት ነበር። ጥንት ግዕዝ የሚጻፈው በተነባቢዎች ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ነ፣ ገ፣ ሠ ተብሎ የተቀረጸው «ነግሠ» ይሁን «ንጉሥ» አንባቢው ከዐውዱ መገመት ነበረበት። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ግን ፊደሉ እግርና ቀለበት አወጣ፤ አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣበቀ። ቴክኖሎጂ ሲባል ባትሪ ያለው ነገር ብቻ ስለሚመስለን ይህን ፈጠራ ከቁጥር አናስገባውም። (ፍጹም ነው አላልንም። በዓሉን «ገና» ካልደረሰው «ገና» ዛሬም የምንለየው አጥብቀንና አላልተን ስናነበው ነው።)

ታይፕራይተር ሲመጣ ደግሞ ከ200 በላይ ፊደል በ40 ምናምን ቁልፍ አልገባ አለ። ፊደሉ ይቀነስ ያሉ ነበሩ። ኢንጂነር አያና ብሩ ግን የፊደሉን አካልና ምልክቱን ለየብቻ አድርገው ማሽኑን አማርኛ አስጻፉት። እንደ ቁም ጽሕፈት አላማረም፤ ደብዳቤው ግን ተጻፈ። በኮምፒዩተርም በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር እስኪሰጣቸው ድረስ።

እኛስ? ድሮ የእጅ ስልካችን አማርኛ አያውቅም ነበርና በላቲን መጻፋችን የግድ ነበር፤ ማንም አይፈርድብንም። ዛሬ ግን ኪቦርዱ በነፃ ይጫናል። «ይዘገያል» ትሉን ይሆናል፤ እስኪለመድ አዎ፣ ይዘገያል። ግን ያ ታክሲ ውስጥ ያለቀው ግማሽ ሰዓትስ? እነሱ መሣሪያውን ለቋንቋቸው አጎነበሱት፤ እኛ መሣሪያው ከተጎነበሰልን በኋላ ቋንቋውን እያጎነበስነው ነው። «ጠ» እና «ተ»ን፣ «ቀ» እና «ከ»ን አንድ ላይ ጨፍልቀን አንባቢያችንን ወደ ግምት መልሰነዋል፤ ከኢዛና በፊት ወደነበረው ግምት።

እህትየው በማግስቱ ኪቦርዱን ጭናለች። ከእኛ ሁለቱ ግን ገና ናቸው፤ የላላው «ገና»።