ድንጋዩና ካባው፦ የሞዛምቢክ ደሴት ቅርስ ለሁለት ሊከፈል አይገባም

በሰሜናዊ ሞዛምቢክ፣ ከናምፑላ ክፍለ ሀገር የባሕር ዳርቻ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ጠባብ ደሴት ለመላው አገር ስሟን አውርሳለች። ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቷም ከግማሽ ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በዚህች ትንሽ መሬት ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖራል፤ የራሱ ማዘጋጃ ቤትም አለው። የሞዛምቢክ ደሴት በ1991 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረች ወዲህ ስለ እርሷ ብዙ ተጽፏል። የሚጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ ምሽጓ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያኗና ስለ ጥንት ነጋዴዎቿ ቤቶች ነው። ሕንፃዎቹ የታነፁበት ድንጋይ ከየት እንደ ወጣና ድንጋዩ የወጣበት ስፍራ ዛሬ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ የድንጋይ ከተማውና የድንጋይ ካባው የአንድ ታሪክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ አንዱን ጠግኖ ሌላውን ለጎርፍ መተው ቅርስ መጠበቅ ሊባል አይገባም የሚል ነው።

ምንጭ የሌላት ደሴት

ደሴቲቱ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ያላለች የኮራል ድንጋይ ንጣፍ ናት። ወንዝ የላትም፤ ምንጭም የላትም። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት በዙሪያዋ ሰፊ የአሸዋና የኮራል ሜዳ ይገለጣል፤ ነዋሪዎችም ወጥተው ለምግብ የሚሆን የባሕር ፍጥረት ይለቅማሉ። በደሴቲቱና በዋናው ምድር መካከል ያለው ውኃ ከውቅያኖሱ ማዕበል የተጠለለ በመሆኑ ለመርከቦች ምቹ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል።

ይህ የተፈጥሮ አቀማመጥ የደሴቲቱን ዕጣ በሁለት መንገድ ወስኗል። በመጀመሪያ፣ የተጠለለው ወደብ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎችን ስቧል። ሁለተኛ፣ የአሠራሩን ጥበብ ያስተማረው ራሱ መሬቱ ነው። የኮራል ድንጋይ ሲፈለጥ ግድግዳ ይሆናል፤ ሲቃጠል ደግሞ ኖራ ይወጣዋል። ምንጭ ባለመኖሩም የድንጋይ ቤቶቹ ጣሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሠራ፤ በላዩ የሚወርደው ዝናብ ከሥር ወደ ተማሰው ማጠራቀሚያ እንዲገባ ተደረገ። ታላቁ የቅዱስ ሰባስትያን ምሽግም የራሱ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ነበሩት። በ1607 እና በ1608 የደች ጦር ደሴቲቱን ሲከብብ ምሽጉ ሳይያዝ ቀርቷል፤ ውኃ የማይፈልቅበት ምሽግ የሰማዩን ውኃ ባያጠራቅም ኖሮ ያን ከበባ መቋቋም ባልቻለ ነበር።

ከወደብ ወደ መዲና

ፖርቱጋሎች ከመድረሳቸው በፊት ደሴቲቱ የስዋሂሊና የዐረብ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። ስሟም በዚያ ዘመን ይገዛ ከነበረ ሙሳ ቢን ቢክ ከሚባል ሹም እንደ መጣ ይነገራል። ቫስኮ ዳ ጋማ በመጋቢት 1498 እዚህ ሲደርስ የተጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። መርከበኞቹ «የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» አገር ከዚያ ሩቅ እንዳልሆነ በሰሙ ጊዜ ከደስታ ብዛት እንዳለቀሱ ማስታወሻው ይገልጻል። አውሮፓውያን ያን ስም ለኢትዮጵያ ነገሥታት መስጠታቸው የታወቀ ነው።

ፖርቱጋሎች በ1507 ሰፈሩ፤ በ1522 በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ የባልዋርቴ እመቤታችን ጸሎት ቤትን አነፁ፤ ከ1558 ጀምሮም ምሽጉን መገንባት ያዙ። የምሥራቅ አፍሪካ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በዚህ ወደብ አለፈ፤ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የሰው ልጅ ራሱ ሸቀጥ ሆኖ ተጫነበት። በታኅሣሥ 1794 ከዚህ ተነሥታ ወደ ብራዚል ታመራ የነበረችው ሳኦ ጆዜ የተባለች መርከብ ከ400 በላይ ባሮችን እንደ ጫነች በኬፕ ታውን አጠገብ ተሰባብራለች። ከተጫኑት ግማሽ ያህሉ ሰጥመው ቀሩ፤ የተረፉትም እዚያው እንደ ገና ተሸጡ። የከተማዋ ግርማ የተገነባው በዚህ ዓይነቱ ሀብት ጭምር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1898 የቅኝ ግዛቱ መዲና ወደ ሎሬንሶ ማርኬስ፣ ወደ ዛሬዋ ማፑቶ፣ ተዛወረ። ኋላም ናካላ በጥልቅ ወደቧ የባሕር ንግዱን ወሰደች። በ1960ዎቹ የተሠራው 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ድልድይ ደሴቲቱን ከዋናው ምድር ቢያገናኛትም የቀድሞ ሥራዋን አልመለሰላትም።

ሁለቱ ከተሞች

ከሰሜን ወደ ደቡብ በእግሩ የሚሄድ ሰው የደሴቲቱን ምስጢር በዐይኑ ያያል። በሰሜን በኩል የድንጋይ ከተማው ሰፊ በሮችና ጠፍጣፋ ጣሪያዎች አሉ። ወደ ደቡብ ሲዘለቅ መንገዱ ከፍታውን ሳይለቅ ቤቶቹ ግን ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በአንዳንድ ሰፈር የቤቱ ክዳን ከመንገዱ እምብዛም ከፍ አይልም። ይህ የማኩቲ ከተማ ነው፤ ማኩቲ ማለት ቤት የሚከደንበት የኮኮነት ዘንባባ ቅጠል ነው። ሰፈሩ ዝቅ ያለው መሬቱ በተፈጥሮ ጎድጎድ ብሎ ሳይሆን የሰሜኑ ግንብ ድንጋይ ከዚያ ተፈልጦ ስለ ወጣ ነው። ፈላጮቹና የልጅ ልጆቻቸው በካባው ውስጥ ጎጆ ቀለሱ። እስከ ዛሬም አብዛኛው የደሴቲቱ ሕዝብ የሚኖረው እዚያው ነው።

ዝናብ ሲጥል ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ከጣሪያ ላይ የሚሰበሰበው ውኃ ለድንጋይ ከተማው በረከት ነበር፤ ለማኩቲ ከተማ ግን መውጫ ያጣ ኩሬ ነው። አውሎ ነፋስ ሲመጣም እንዲሁ ነው። በመጋቢት 2022 ጎምቤ፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ ጁድ የተባሉት ሳይክሎኖች የብስ የረገጡት ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ባለው በሞሱሪል ወረዳ ነበር። በእንዲህ ያለ ነፋስ አስቀድሞ የሚገፈፈው የድሃው ክዳን ነው።

ዩኔስኮ ደሴቲቱን ሲመዘግብ ያደነቀው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያልተቋረጠውን የአሠራር አንድነት ሲሆን፣ ከድንጋዩ ጋር ማኩቲንም በስም ጠቅሷል። በተግባር ግን ለእንግዳ ማረፊያ ሊውል የሚችል የድንጋይ ቤት ገዢና ጠጋኝ ያገኛል፤ የቅጠል ቤት ግን የሚያድሰው ባለቤቱ ብቻ ነው። ቅጠሉ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ስላለበት አቅም ያገኘ ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ይዞራል። በዚህ ነዋሪውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ቅርስ ነው ተብሎ ሲፈስበት የሚያድር ሰው የለም።

ምን ይደረግ?

በዚህ አቋም ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ገንዘቡ ጥቂት ስለ ሆነ ጎብኚ የሚያመጡት ሕንፃዎች ይቅደሙ የሚል ነው። ክርክሩ ጎብኚው የሚመጣው ባዶ ግድግዳ ለማየት እንዳልሆነ ይዘነጋል። ዓሣ አጥማጁ፣ ገበያው፣ መስጊዱና የማኩዋ ቋንቋ ያሉት በካባው ሰፈር ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ መጨናነቁን ለመቀነስ ነዋሪውን ወደ ዋናው ምድር ማስፈር ይሻላል የሚል ነው። በፈቃዱ ለሚሄድ ይህ መልካም አማራጭ ነው፤ ዓሣ አጥማጅን ግን ከባሕሩ ማራቅ ከእንጀራው ማራቅ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይገባል። በ1998 ሞዛምቢክ የመጀመሪያውን የአካባቢ ምርጫ ስታካሂድ፣ የከተማ ሕዝብ በራሱ ተመራጮች እንዲተዳደር መንገድ ተከፍቷል። የደሴቲቱ ማዘጋጃ ቤትም ከጥገና ዕቅዶቹ ሁሉ ፊት የማኩቲ ከተማን ጎርፍ ወደ ባሕር የሚያወጣ ቦይ ሊያስቀድም ይገባል። ቀጥሎ፣ በቅጠል መክደን ለሚፈልግ ባለቤት የዋጋውን ልዩነት የሚሸፍንበት ድጎማ ያስፈልገዋል፤ ከድንጋይ ከተማው ማረፊያዎች የሚሰበሰበው ግብር ለዚህ ቢውል ዕዳን እንደ መክፈል ይቆጠራል። በመጨረሻም ማንኛውም የድንጋይ ሕንፃ ሲታደስ አሮጌው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ አብሮ እንዲጠገን ግዴታ ቢደረግ፣ ዛሬ ወደ ጎዳና የሚፈሰው ውኃ ለነዋሪው ይተርፋል።

የደሴቲቱ ግንቦች አምስት መቶ ዓመት ቆመዋል፤ ድንጋዩን የሰጠው ካባም በሰሜን በኩል ቤት በታነፀ ቁጥር እየጠለቀ ሄዷል። ቦዩ እስካልተቆፈረ ድረስ በየክረምቱ ውኃ የሚገባባቸው የፈላጮቹ የልጅ ልጆች ናቸው።