ከጂፕሰሙ በፊት ቧንቧው

አንድ ወዳጄ አለ። እሱና ሚስቱ አሥር ዓመት ገደማ ቆጥበው፣ ዕጣ ወጥቶላቸው፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍለው ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሲረከቡት እንደምታውቁት ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ሻካራ፣ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ "አለ" ለመባል ያህል ያለ። ሚስቱ "መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱንና ቧንቧውን እናሠራ" አለች። እሱ ግን "እንዲህ ሆኖማ ሰው አይጠራበትም" ብሎ ከሳሎኑ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ኮሪደር ድረስ ጂፕሰም አሰቀለ። ዙሪያውን ቀለም የሚቀያይር መብራት ተገጠመለት። ገንዘቡ ከየት መጣ? ግማሹ ለባንኩ ወርሃዊ ክፍያ መጠባበቂያ ተብሎ ከተቀመጠው፣ ግማሹ ከዘመድ ብድር።

ቤቱ ተመረቀ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ፤ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። በሦስተኛው ወር ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ጂፕሰሙ ላይ የሻይ እድፍ የመሰለ ክብ ታየ፤ ከዚያ አበጠ፤ አንድ ሌሊት ላይ የኮሪደሩ በሙሉ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን በዚያ ወር የባንኩ ክፍያ ዘገየ፤ የዘመዱ ብድርም እስካሁን አላለቀም።

ይህን የምጽፈው ወዳጄን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ራሱ "ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተወው" ብሎኛል። የምጽፈው በዙሪያዬ ያሉ ሠርተው የሚያድሩ ወጣቶች፣ ቤት ያላቸውም የሌላቸውም፣ እዚችው ወጥመድ ውስጥ ሲገቡ ስለማይ ነው። ስልካችን ቀኑን ሙሉ የሰው ሳሎን ያሳየናል። የዚያ ሳሎን ባለቤት በየወሩ ለባንክ ስንት እንደሚከፍል፣ ወይ ጭራሽ መክፈል አቁሞ እንደሆነ ግን አያሳየንም።

መልሱን አውቀዋለሁ። "ብር ማስቀመጥ በዚህ ዘመን ኪሳራ ነው፤ ቢያንስ ቤቴን ላሳምርበት" ትሉኛላችሁ። እውነት አላችሁ፤ በከፊል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ሺህ አገኘ፤ አምና በ100 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ሺህ ገብቷል። በእጁ ያለው ብር በአምና ዋጋ 82 ሺህ አካባቢ ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃና መብራት የሚገዛ ሰው የዚያን ጊዜ ምን እንደተሰማው ያውቃል።

ታዲያ "ዛሬውኑ ግዛ" ነው ማለት ነው? የትኛውን ዕቃ? ጥያቄው እሱ ነው። ነገ የግድ የሚያስፈልግና በመቀመጥ የማይበላሽ ነገር፣ ለምሳሌ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ ጥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቀድሞ መግዛት ያዋጣል። (ሴራሚክ ከሆነ ግን በአንዴ ግዙት፤ በሌላ ጊዜ የተመረተው ያው ቁጥር እንኳ ቢሆን ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ሲሚንቶን ደግሞ አታከማቹ፤ ወራት ከተቀመጠ ጉልበቱን ያጣል።) ሶፋው፣ ትልቁ ቴሌቪዥንና የሳሎኑ ጂፕሰም ግን የዋጋ ንረት መከላከያ አይደሉም። ሶፋ ከሱቅ በወጣ ማግሥት ያገለገለ ዕቃ ነው። "ለመሸጥ" ብላችሁ ቴሌግራም ላይ አንድ ጊዜ ለጥፉና የሚቀርብላችሁን ዋጋ እዩ።

አሁን ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ የማያሰላውን አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ። ወረቀት አያስፈልግም፤ ስልካችሁ ላይ ሥሩት።

አንድ ሚሊዮን ብር የቤት ብድር፣ በ15 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል ወሰዳችሁ እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 13,168 ብር ገደማ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 12,500 ብሩ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 668 ብር ብቻ! አዎ፣ ሰው "ዓመት ሙሉ ከፍዬ ዕዳዬ ንቅንቅ አላለም" የሚለው ለዚህ ነው። አሁን በዚያ ላይ በየወሩ 2,000 ብር ጨምሩ። ባንኩ ጭማሪውን በቀጥታ ከዋናው ዕዳ የሚቀንስላችሁ ከሆነ፣ ብድሩ በ240 ወር መሆኑ ቀርቶ በ140 ወር ያልቃል። ስምንት ዓመት ከአራት ወር ቀነሳችሁ ማለት ነው። ከአጠቃላይ ክፍያው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይተርፋል። በሁለት ሺህ ብር! ለአንድ መጋረጃ እንኳ የማትበቃ ብር ናት።

እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ ልሁን። ይህ ሒሳብ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ወለድ የተበደረ ሰው፣ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ከሆነ፣ ዕዳውን ለመጨረስ መጣደፍ የለበትም፤ ጊዜው ራሱ ዕዳውን እያቀለለለት ነው። ለእሱ ያን ብር ጣሪያውን ማሠራት ሊያዋጣው ይችላል። በከፍተኛ ወለድ የተበደረ ሰው ግን ከጂፕሰም በፊት ዕዳውን ይይ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ውላችሁን አውጥቶ ማንበብ ነው። ወለዱ ስንት ነው? ባንኩ በመሐል መጨመር ይችላል? ከጊዜው በፊት ብትከፍሉ ቅጣት አለው? ብዙ ሰው የቤቱን የቀለም ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤ የብድሩን ወለድ ስትጠይቁት "ባንኩ ያውቃል" ይላችኋል።

ተከራዮችስ? "የሰው ቤት ማሳመር ሞኝነት ነው" የሚል አለ፤ "ሕይወቴን በቆሸሸ ግድግዳ መሐል አልጨርስም" የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ በሒሳብ ይፈታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሁሉም አከራይ በደስታ ያከብረዋል ወይ የሚለው ሌላ ወሬ ነው። ነገር ግን በተመዘገበ ውል የሚኖር ሰው ቢያንስ 24 ወር አለው። ስለዚህ በተከራየው ቤት ላይ የሚያወጣውን ብር ለ24 ያካፍል። ለቀለም፣ ለወለል ምንጣፍና ለኪችን መደርደሪያ 48 ሺህ ብር ካወጣችሁ፣ ኪራያችሁ በወር 2,000 ብር ጨመረ ማለት ነው። ያችው ቅድም ያየናት 2,000። ያንን ጭማሪ አከራዩ ቢጠይቃችሁ ትጮኹ አልነበር?

እኔ በበኩሌ ተከራይ ሳለሁ የያዝኩት ደንብ ቀላል ነበር፤ ስወጣ አብሮኝ የሚወጣውን እገዛለሁ፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን አልገዛም። መጋረጃ፣ መብራት፣ ተነቃቃይ መደርደሪያ አብሮ ይሄዳል። ሴራሚክና ጂፕሰም ለአከራዩ ስጦታ ነው። የግድ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መነጋገርና ከኪራዩ እንዲታሰብ ውሉ ላይ ማስጻፍ። "በቃል ተስማምተናል" የሚባለው ነገር ቤቱ ሲሸጥ ወይም ልጃቸው ከውጭ ሲመጣ ይረሳል።

ሰው የሚንቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ማጽዳትና ማስተካከል። የብዙዎቻችን ቤት የሚያስጠላው ጂፕሰም ስለሌለው አይደለም። ቁምሳጥኑ ላይ እስከ ጣሪያ የተከመረ ሻንጣ፣ አልጋ ሥር የተቀበረ የተሰበረ ወንበር፣ በረንዳው ላይ "አንድ ቀን ይሠራል" ተብሎ ዝናብ የሚመታው ምጣድ ስላለ ነው። እናቶቻችን ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ቤቱን ገልብጠው ሲያጸዱ ያለምንም ወጪ አዲስ ቤት ይሠሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስልኩን አስቀምጡና ሞክሩት። የሚጣለውን ጣሉ፤ ቁራሌው ሲያልፍ ጥሩት፤ አሮጌውን ልብስ ለልዋጭ ስጡ። ደህናውን ግን ለቁራሌው አታርክሱት፤ ፎቶ አንሱና ራሳችሁ ሽጡት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ቤቱ ጠበበኝ፤ ትልቅ ልከራይ ነው" እያለች ወራት ካማረረች በኋላ እንዲህ አድርጋ ቤቱ ሰፋ። ዕቃው የወጣበት ጥግ የልጇ ማጥኛ ሆነ። ወደ ትልቁ ቤት መዛወሩም ቀረ፤ የኪራዩ ልዩነት በየወሩ ቁጠባ ውስጥ ይገባል።

ቁጠባውን ካነሳን፣ የቤት ማሳመሪያውን ብርና የቤት መግዣውን ብር አንድ ሒሳብ ውስጥ አታስቀምጡ። አብረው ካደሩ ሁሌም የሚበላው የመግዣው ነው፤ ምክንያቱም ሶፋው ዛሬ ይታያል፣ ቤቱ አይታይም። ለማሳመሪያው ዕቁብ ግቡ፤ ዕቁብ ለዚህ ዓይነት ነገር የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ሲደርሳችሁ አንድ ነገር ታሠራላችሁ፣ ካልደረሳችሁ ትጠብቃላችሁ። የመግዣው ግን ደመወዝ በገባ ቀን፣ እጅ ሳይነካው፣ ወደ ሌላ ሒሳብ ይሂድ። ባንኮች በቋሚ ትዕዛዝ ያደርጉታል፤ በትንሽ በትንሹ ለሚጀምር ሰው ቴሌብርም ሳንዱቅ የሚባል ቁጠባ አለው። (ያው ስልክ ላይ ያለውን ፈጣን ብድር ለመጋረጃ አትውሰዱ እንጂ።)

ወለዱ የዋጋ ንረቱን አይችልም ብለናል፤ ታዲያ ለምን እንቆጥባለን? የቤት ዕድል ቀጠሮ ይዞ ስለማይመጣ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ተመዝግበው እየቆጠቡ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች አሉ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ቀን ቆርጦ ማቀድ አይቻልም፤ ስም ሲጠራ ግን ቅድሚያ ክፍያው በተወሰነ ቀን ውስጥ ይጠየቃል። ከባንክ የሚበደረውም ቢሆን የራሱን ድርሻ ሳይዝ ከበሩ አያልፍም። ዕጣው በደረሰው ሰሞን ሶፋውን በርካሽ ሲሸጥ ያየሁት ሰው አለ፤ ከገዛው ዓመት አልሞላውም ነበር።

ቤቱን ያገኘ ሰው ደግሞ ከየት ይጀምር? ውኃና እሳት ከሚነኩት ነገር። ቧንቧው ያፈሳል? የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውኃ ያሳልፋል? ቆጣሪውና ብሬከሩ ምጣድ ይችላሉ? ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰው ሌላም ሥራ አለው፤ ከላይና ከታች ካሉ ጎረቤቶች ጋር መተዋወቅ። የእናንተ ጣሪያ የሌላ ሰው ወለል ነው፤ የእሱ መታጠቢያ ቤት ካልተሠራ የእናንተ ጂፕሰም ዕድሜ የለውም። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አዋጁ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የጋራ የሆነው ነገር በነዋሪዎቹ ማኅበር በኩል እንዲሠራ ነው። ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ ግን ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ሳሎን ቀለም እየመረጠ ነው።

ስለ ምረቃውም አንድ ነገር። "ሳያልቅ ሰው አልጠራም" የሚል ብዙ ነው። ለምን? ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተደፍቶ፣ ሊሾ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ የተመረቀ ቤት አይቻለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ሳቅ የበዛበት ምረቃ ትዝ አይለኝም። ደግሞ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ስድስተኛ የብርጭቆ ስብስብ ከሚመጣላችሁ፣ ለቅርብ ዘመድ "ብታዋጡልን የመታጠቢያ ቤቱን በር እናስገጥምበታለን" ማለት ነውር አይደለም። ዘመድ እንዲያውም ይወዳል፤ ምን ልግዛ ከሚለው ጭንቀት ይገላገላል።

ወዳጄ ቤት ባለፈው እሑድ ነበርኩ። የኮሪደሩ ጣሪያ ባዶውን ነው፤ ጂፕሰሙ የተሰቀለባቸው ብረቶች እንኳ አልተነሱም። የላይኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ግን ተሠርቷል፤ ወጪውን ለሁለት ተካፍለዋል። የባንኩ ክፍያ ደግሞ ደመወዝ በገባ ቀን በቀጥታ ይቆረጣል፤ ይህን ያደረገችው ሚስቱ ናት፤ የይለፍ ቃሉም እሷ ዘንድ ነው። "ጣሪያውን መቼ ነው የምታሠሩት?" አልኩት። ወደ እሷ አየ። እሷ ቡናውን እየቀዳች "ዕቁቡ ሲደርሰን" አለች።