ንጹሕ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ

አንድ የዳባት ገበሬ በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ እንበል። ጣቢያ ውስጥ ተደበደበ። መርማሪው የጻፈው ወረቀት ቀረበለት፤ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክረው አስፈረሙት። በዚያ ቃል አሥር ዓመት ተፈረደበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው መርማሪ ሌላ ተጠርጣሪ ደብድቦ ተከሰሰና ጥፋተኛ ተባለ። የገበሬው ፍርድስ ምን ይሆናል?

ሕጋችን በወረቀት ላይ አይታማም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 የተያዘን ሰው የሚያሠቃይ ሹም እንዲቀጣ ያዛል። ድሮ ሌባሻይ የሚሉት ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዱላ የተገኘ ቃል ከሌባሻይ የሚለየው ማኅተም ስላለው ብቻ ነው።

እንግዲህ መርማሪው ተቀጣ፤ በእጁ ያለፈው ፍርድ ግን አልተነካም። ገበሬው ከወረዳው ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ደባርቅ፣ ይግባኝ የሚለው በ15 ቀን ውስጥ ነው። በራሱ ጥፋት አለመዘግየቱን ካስረዳ ማስፈቀድ ይችላል፤ ይግባኝ ሰሚውም ካመነበት ተጨማሪ ማስረጃ ይሰማል። ይህ መንገድ መኖሩን ስንቱ እስረኛ ያውቃል? ይግባኙ አስቀድሞ ታይቶ ከጸናበት ደግሞ የሚቀረው ባሕር ዳር ያለው ሰበር ነው። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ ቃል፣ ቀንና የጣት አሻራ ነው፤ ዱላው አልተመዘገበም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ነው። የ1958ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 6፣ ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ፣ ከፍርድ በኋላ ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም ጉቦ ከተገኘ ፍርዱ ዳግም እንዲታይ ይፈቅዳል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። ስለ አንድ ጥማድ መሬት የተሰጠ ፍርድ ዳግም ሊታይ ይችላል፤ ስለ አንድ ሰው አሥር ዓመት የተሰጠው ግን እንደጸና ይቀራል። ሕጉ ሲወጣ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት ማለት ይችል ነበር። ዙፋኑ በ1967 ሲቀር ያ በርም አብሮ ተዘጋ፤ በምትኩ የተከፈተው ሰበርም ለፍሬ ነገር ክርክር አልተሠራም።

“ይቅርታ ይጠይቅ” የሚሉ አሉ። ይቅርታ የሚጠይቅ እኮ የበደለ ነው! በ1999 የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች ከእስር የወጡት ስህተት መሥራታቸውን በሚያምን ወረቀት ላይ ፈርመው ነበር። ከነርሱ አንዷ፣ የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ይቅርታ መጠየቃቸውን ክደዋል ተብለው በታኅሣሥ 2001 ተመልሰው ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱም ተመለሰባቸው። በ2003 መጀመሪያ የተፈቱት ዳግም በይቅርታ ነው። ይቅርታ የሰጠው አካል ሊያነሳው ይችላል፤ የተሻረ ፍርድ ግን እንዲህ በቀላሉ ተመልሶ አይመጣም።

በሰኔ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው በእስረኞች ላይ ግፍ መፈጸሙን አመኑ። ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤትም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ያኔ እስረኞች በብዛት የወጡት በይቅርታ፣ በክስ ማቋረጥና በምሕረት ነው። መፈታታቸው ያስደስታል። ሆኖም የምሕረት አዋጁ የተጻፈው ለአገር ክህደትና ለሽብር ለመሳሰሉ ክሶች ነው፤ የበሬ ሌባ ተብሎ የተፈረደበትን አያውቀውም።

እንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የቦምብ ጥቃት በ1975 እ.ኤ.አ. የተፈረደባቸው 6 ሰዎች 16 ዓመት ታስረዋል። ፍርዱ የተሻረው የፖሊስ ማስታወሻ መነካካቱ ሲጋለጥ ነው። ከዚያ በኋላ የጸኑ ፍርዶችን መርምሮ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት የሚመልስ ነጻ ኮሚሽን በሕግ አቋቋሙ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ።

እኛ ኮሚሽን እስክናቋቁም መጠበቅ የለብንም። አንድ መርማሪ በአንቀጽ 424 ጥፋተኛ በተባለ ማግስት፣ እርሱ ቃል የተቀበለባቸውን መዝገቦች ሁሉ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ማየት ያለበት ዓቃቤ ሕግ ነው። በዚያ ቃል ብቻ የታሰረ ካለ ለይግባኙ ማስፈቀጃ ዓቃቤ ሕጉ ራሱ ይደግፈው። ገበሬው ከማረሚያ ቤት ሆኖ መርማሪው መከሰሱን በምን ይሰማል?