ድንች ስሙን ሲቀይር

የምኖረው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። ሰሞኑን አንድ ሱቅ ገብቼ ከመደርደሪያው ላይ ካርቶን አነሳሁ። ስሙ «ኦ ግራተን» ይላል። «ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። «የውጭ ምግብ ነው፣ ጋሼ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። ገልበጥ አድርጌ ጀርባውን ሳነብ የደረቀ ድንች፣ ጨውና የአይብ ዱቄት! በዋጋው ግን ደጅ ላይ ከተቀመጡት እናት ዘንድ ስንት ኪሎ ጥሬ ድንች ይገዛ ነበር።

ጎበዝ፣ የምንከፍለው ለድንቹ ነው ወይስ ለስሙ? «ግራተን» በፈረንሳይኛ መነሻው ድስት ላይ ተጣብቆ የሚፋቀው ቅርፊት ነው። እኛ በልጅነታችን ስንሻማበት የኖርነው ፍቅፋቂ፣ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ማዕረግ አገኘ ማለት ነው! በድንች ስም መቀለድ የጀመርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ የኢራቅን ጦርነት ብትቃወም፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ካፍቴሪያዎች «የፈረንሳይ ጥብስ» የሚባለውን ድንች «የነፃነት ጥብስ» አሉት። ድንቹ ግን ያው ድንች ነበር።

ካርቶኑን አልጠላሁም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ስትሠራ ውላ ማታ ለምትገባ ሴት ቶሎ የሚደርስ ራት ቅንጦት አይደለም። ደግሞስ ለፈጣን ምግብ እኛ መች አዲስ ሆንን? በሶ አለን፣ ምጥን ሽሮ አለን፣ ድርቆሽ አለን። ድርቆሽ ስሙ ራሱ ምን እንደሆነ ይነግርሃል፦ የደረቀ እንጀራ ነው፣ አለቀ! ማንንም አያታልልም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ይዞ ተመለሰ። እናቱ ድንች ቀቅላ፣ ዳጣ ጨምራ ነበር የላከችው። «ጓደኞቼ ድንች በሊታ እያሉ ሳቁብኝ» አለ። የሳቁት ልጆች እኮ የታሸገ ችፕስ ይዘው ነው! ድንች በድንች ላይ ሳቀ። ያ ልጅ ያፈረው በምግቡ አይደለም፣ በእናቱ እጅ ነው። ይህን ያስተማርነው ደግሞ እኛው፣ በሜኑ ላይ «ማሽድ ፖቴቶ» የሚል ስናይ ከረባታችንን የምናስተካክል አዋቂዎች ነን።

«ድንችስ ቢሆን ከውጭ የመጣ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ በ1858 እ.ኤ.አ. አስገባው ተብሎ ይጻፋል። ግን በአገር ስም ተጠርቶ አገሬ ሆነ። ከሆለታ ምርምር የወጣ ምርጥ ዝርያ «በለጠ» ተብሏል። እስቲ ከዚህ የሚያምር የገበያ ስም አምጡ!

በምርት ጊዜ ድንቹ ረክሶ፣ ማቆያ አጥቶ ሲበሰብስ ገበሬው ነው የሚከስረው። የሚያደርቅና የሚያሽግ ባለሀብት ቢመጣ፣ ካርቶኑ ላይም «በለጠ፣ የደረቀ ድንች» ብሎ የበቀለበትን ወረዳ ቢጽፍ፣ ተሰልፌ የምገዛው እኔ ነኝ። እስከዚያው ቅቅሉን በዳጣ፤ በስሙ ጠርቼ፣ ሰው ፊት።