በሰው ዳታ ጃቫስክሪፕት ስደድበት

ጎበዝ፣ ዛሬ እስቲ ስለ ድረ ገጽ እንነታረክ። ጎብኚው በስልክ ይምጣ በኮምፒውተር ማወቂያው መንገድ ሁለት ነው። አንድም ሰርቨሩ ገጹን ከመላኩ በፊት ይለያል፤ አንድም ገጹ ስልኩ ላይ ከወረደ በኋላ ጃቫስክሪፕት ይለያል። ብዙ ድረ ገጽ ሠሪ ወዳጆቻችን ሁለተኛውን መርጠው «ዘመናዊው ይኼ ነው» ይሉናል። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፦ የዘመናዊነቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

መካነ ሰላምን አስቧት። ከደሴ በአቀስታ አድርገው የሚደርሱባት፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ያለባት የቦረና ከተማ። ከግቢው የተመረቀች ልጅ የሥራ ማስታወቂያ ልታይ በርካሽ ስልክ፣ በተቆጠረ ሜጋባይት ትገባለች። ገጹ ለትልቅ ስክሪን የተዘጋጀውን ፎቶና ኮድ ሁሉ ያወርድና መጨረሻ ላይ «ለካ ስልክ ኖሯል!» ይላል። ዳታው ግን አልቋል። ይኼ እንግዳ ጠርቶ በእንግዳው ኪስ መደገስ ነው።

«ሰርቨሩም እኮ ይሸወዳል» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው። ብራውዘር ስሙን ሲጠየቅ ይዋሻል፤ ክሮምም ሳፋሪም «ሞዚላ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይፓድ «ማክ ነኝ» ይላል። ክሮም በ2023 የአንድሮይድ ስልኮችን ሞዴል ደብቆ ሁሉንም «ኬ» ብሏቸዋል። ስለዚህ ቴክኖ ነው ሳምሰንግ እያሉ በስም ዝርዝር ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው።

የእኛ ሙግት ግን የስልኩን ስም ስለ ማወቅ አይደለም። ሸክሙን ማን ይሸከም ነው! ሰርቨሩ ለሁሉም ቀላሉን፣ ያለ ጃቫስክሪፕት የሚነበበውን ገጽ ይላክ። የስክሪኑን ስፋትና ጥበት ሲኤስኤስ ይጨርሰዋል፤ ኢታን ማርኮት በ2010 መንገዱን አሳይቷል። ብራውዘሩ ዳታ ለመቆጠብ «ሴቭ ዳታ» የሚል ምልክት ከላከ ሰርቨሩ ይስማው። ጌጡ በኋላ፣ ለቻለ ይጨመርለት።

ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ኦፔራ ሚኒ ከ2005 ጀምሮ ገጹን በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ነው ለደካማ ስልክ የሚልከው። ትምህርት ሚኒስቴርም የ12ኛ ክፍል ውጤትን ከድረ ገጽ ሌላ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ያሳወቀበት ጊዜ አለ። አጭር መልእክት ስልክህ ምን ዓይነት ነው ብሎ አይጠይቅም። ለሁሉም ይደርሳል።

በአማራ ክልል በ2023 የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን አንረሳም። ያንን እኛ ኮድ ጽፈን አንከፍተውም። ኔትወርኩ ባለበት ሰዓት ግን ገጻችን ሁለተኛ በር ሆኖ እንዳይዘጋ ማድረግ በእጃችን ነው።

ሠሪው አንድ ቀን ቢደክም ሺህ ሰው ያርፋል፤ ሠሪው ቢሰንፍ ሺህ ሰው ይከፍላል። እናም ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ማታ ጃቫስክሪፕቱን አጥፉና የሠራችሁትን ገጽ ክፈቱት። ነጭ ባዶ ገጽ ከመጣላችሁ፣ መካነ ሰላም ላይ የሚታየውም እሱ ነው።